ላም ባልዋለበት የተገኘ ኩበት

በነሐሴ ወር የቡላኦስ ሰው ከቤቱ ይልቅ ደጁን፣ ከደጁም ይልቅ ጣሪያውን ይመርጣል። ኻምሲን የሚሉት ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ በኩል በተነሣ ቀን ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። መስኮቱን ቢዘጉት ቤቱ ምድጃ ይሆናል፤ ቢከፍቱት አቧራው ከእንግዳ ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል። ማታ ነፋሱ ሲበርድ በጠረጴዛው፣ በሣጥኑና በቴሌቪዥኑ ገጽ ላይ በጣት ስም የሚጻፍበት ደቃቅ ትቢያ ተነጥፎ ይገኛል። የቤት እመቤቶች በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይመጣል። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

ከእነዚህ ቤቶች በአንደኛው አንድ በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያዊ ይኖራሉ። ሰፈርተኛው «መምህር» ይላቸዋል እንጂ ማስተማር ከተዉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በድሬዳዋ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። ፈረንሳዮች የዘረጉት አሮጌው የምድር ባቡር ገና በሚሠራበት ዘመን በዚያው ባቡር ተሳፍረው ጅቡቲ ገቡ፤ ለስድስት ወር ብለው የጀመሩት ሥራም ዕድሜያቸውን ይዞት ሄደ። ዛሬ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ሰነድ ይመዘግባሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ብረት፣ ማዳበሪያና የምግብ ዘይት በስሙና በቁጥሩ ልክ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ስሙ የተሳሳተ ዕቃ ስንት ቀን በወደብ ታግቶ እንደሚቆይ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በመደርደሪያቸው ላይ ከመጻሕፍቱ መካከል ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው ያገለገለ ሆኖ የገዙት፣ ቀለሙ የተላላጠ ማይክሮስኮፕ ነው። ሁለተኛው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከአቤ ሐይቅ አካባቢ አንሥቶ ያመጣላቸው ነጭ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዳቦ የሚያህል ስለሆነ ሊያነሣው የሚሞክር ሰው ሁሉ ለከባድ ነገር ተዘጋጅቶ እጁን ይዘረጋል፤ ሲያነሣው ግን እንደ ደረቀ እንጀራ ይቀልለዋል። ምላስ ቢያስነኩት ይጣበቃል። ለዓመታት እንግዳ ማስገረሚያ ሆኖ ኖረ እንጂ ለሌላ ነገር የፈለገው አልነበረም።

የጎረቤታቸው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ርእስ ይዛ የመጣችው በአንድ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። እናቷ እዚያው ግቢ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ልጅቱ የተወለደችው ቡላኦስ ነው፤ ደጅ ስትወጣ ሶማልኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ እቤት አማርኛ ትናገራለች። «ጋሼ፣ በዓይን ስለማይታየው የባሕር ፍጥረት ልጽፍ ነው፤ ማይክሮስኮፑን ያስጠቅሙኛል?» አለቻቸው። መምህሩ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ተነሥተው የማይክሮስኮፑን አቧራ መጥረግ ጀመሩ።

ፍጥረቱ ዲያቶም ይባላል። አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው አልጌ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለየው መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተበጀ ቅርፊት ስላለው ነው። ቅርፊቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በሌላው ላይ እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ ይገጥማል። ክቡም አለ፣ ሞላላውም አለ፣ እንደ መርፌ የቀጠነውም አለ። እንደ ተክል የፀሐይን ብርሃን ተጠቅሞ ምግቡን ይሠራል፤ በምድር ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ የሚሆነው ከዲያቶሞች እንደሚገኝ ይገመታል። የልጅቱ እናት ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መጠኑ ነበር። መምህሩም አንዲት የጤፍ ፍሬ አንስተው አሳዩዋት፤ ፍሬዋ አንድ ሚሊ ሜትር ብትረዝም፣ 20 ማይክሮን የሆኑ ዲያቶሞች ከዳር እስከ ዳሯ ለመድረስ 50 ሆነው መሰለፍ አለባቸው። «እኔ ጤፉን እንኳ አልቆጥርም፤ እናንተ ከጤፍ ያነሰውን ልትቆጥሩ ነው» ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ለቲሸርት ማተሚያ ከሚያገለግለው ደቃቅ ጨርቅ መረብ ሰፉ። ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ በሲየስታ ዳርቻ እስከ ወገባቸው ገብተው መረቡን ጎተቱ። የተጠራቀመውን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ከፈሉት። በአንደኛው ላይ ሕዋሱ እንዳይበሰብስ አዮዲን ጠብ አደረጉበት። ሁለተኛው በበረኪና ታጠበ፤ በረኪናው ሥጋውን በልቶ የመስታወቱን ቅርፊት ብቻ ያስቀራል። ይህ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲያቶም የሚለየው በቅርፊቱ ጌጥ ነው፤ ጌጡ የሚነበበውም ቅርፊቱ ሲጠራ ብቻ ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዲያቶም ስም ግን የሚገኘው በመቁጠር ነው። በ10 ማይክሮን ርዝመት ውስጥ ስንት መስመር አለ? በመስመሩ ውስጥ ያሉት ነጥቦች ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል ወይስ ተጣመዋል? በመካከሉ ስንጥቅ አለው ወይስ የለውም? በጫፉ እሾህ ይታያል? ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መጠኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ዲያቶም ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ አንዱን ግማሽ ወስዶ ክዳን ያደርገውና ከሥሩ አነስ ያለ አዲስ ሙዳይ ይሠራል፤ በዚህ የተነሣ በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ አካሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እያነሰ ይሄዳል። በጣም ሲያንስ በተራክቦ ተራብቶ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁለት ዝርያ ሊመስሉ ይችላሉ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ «ይህን ይዩልኝ» አለች። መምህሩ ተመለከቱ። እንደ በርሜል ያሉ ሕዋሳት ጫፍና ጫፋቸው ገጥሞ ሰንሰለት ሠርተዋል፤ በጎናቸው ላይ ነጥቦች በረድፍ ተደርድረዋል። መምህሩ ከድሬዳዋ ይዘውት የመጡትን አሮጌ መጽሐፍ ገለጡ፤ ሜሎሲራ በሚል ወገን ሥር በባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ ሰንሰለታም ዲያቶም ተሥሎ አገኙ። የዛሬ ስሙ ፓራሊያ ሱልካታ ነው። «እርሱ ነው» አሉ። ልጅቱ በእጇ ባሉት ዝርዝሮች ውስጥ ይህ ስም ከጅቡቲ ተመዝግቦ አላገኘችም። በዚያው ማታ በረቂቋ ላይ «በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበ» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። እናቷ ትርጉሙን ስትሰማ እልል አለች። መምህሩም ያን ሌሊት የመጀመሪያውን ክፍል ያስተማሩበትን ቀን ሲያስታውሱ አመሹ።

ደስታው ሁለት ሌሊት ቆየ። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላቸውና መብራት አብርተው ስላይዱን እንደገና አዩት። የመጽሐፉ ሥዕል በርሜሉን አጭርና ወርደ ሰፊ አድርጎ ያሳያል። በስላይዱ ላይ ያሉት ግን ከወርዳቸው ቁመታቸው ይበልጣል። በአንደኛው ሰንሰለት ጫፍ ላይ ደግሞ ቀን ያላስተዋሉት ረጅም እሾህ ነበር። ከዚያ የባሰ ጥያቄ መጣባቸው፦ ለመሆኑ እነዚህ ነገሮች በሕይወት ነበሩ? በረኪና የነካው ቅርፊት ሁሉ ባዶ ስለሚሆን ከእርሱ መልስ አይገኝም። አዮዲን ያለበትን ጠርሙስ ከፈቱ። የሌሎቹ ዲያቶሞች ውስጥ በአዮዲኑ ጠቁሮ ቡናማ ሥጋ ይታያል። ሰንሰለታሞቹን በርሜሎች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ 31 ቁራጭ አገኙ። ሁሉም እንደ ተጠጣ ብርጭቆ ባዶ ነበሩ።

መምህሩ በዚያን ጊዜ ያስታወሱት በወጣትነታቸው ያነበቡትን የአንድ ጀርመናዊ ታሪክ ነው። ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከቪልሄልም ሄምፕሪኽ ጋር በግብጽ፣ በኑቢያና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጉዟል። ሄምፕሪኽ እ.ኤ.አ. በ1825 ምፅዋ ላይ ታሞ ሞተ፤ ኤረንበርግ ብቻውን ወደ በርሊን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዕድሜውን ከየአገሩ የሚላክለትን አፈር፣ ጭቃና አቧራ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር አሳለፈ። ዛሬም የሚሠራባቸውን ብዙ የዲያቶም ስሞች ያወጣው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ዲያቶሞችን የሚቆጥራቸው ከእንስሳት ወገን ነበር፤ በአካላቸው ውስጥ የሚታየውንም ነገር ሆድ ይለው ነበር። ትልቅ ሰው ስለ ተሳሳተ ትልቅነቱ አልጠፋም፤ ስሕተቱም ትልቅ ሰው ስለ ሠራው እውነት አልሆነም።

ለኤረንበርግ አቧራ ከላኩለት አንዱ ቻርለስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1832 ቢግል በምትባለው መርከብ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲደርስ ከሰማይ ደቃቅ ቡናማ አቧራ ሲወርድ አየ። ከዚያ አካባቢ የተሰበሰበ አቧራ በአምስት ትንንሽ ጥቅል አድርጎ ለኤረንበርግ ላከ። ኤረንበርግ በውስጡ 67 ዓይነት የሕይወት ቅሪቶች አገኘ። አስገራሚው ነገር፣ በሲሊካ ከተሸፈኑት ረቂቃን መካከል ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም የጨው አልባ ውሃ ነዋሪዎች ነበሩ፤ የተገኙት ግን በውቅያኖስ መካከል ነው። ነፋስ አምጥቷቸዋል ማለት ነው። ከየት? ዳርዊን የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ከአፍሪካ አለ። ኤረንበርግ ግን በአፍሪካ ብቻ ይኖራሉ ብሎ የሚያውቃቸውን ዝርያዎች በአቧራው ውስጥ አላገኘም፤ ይልቁንም እስከዚያ ድረስ በደቡብ አሜሪካ ብቻ የሚያውቃቸውን ሁለት ዝርያዎች አገኘ።

እውነቱ ከነፋሱ ጋር ነበር። የዚያ አቧራ አገር አፍሪካ መሆኑ ዛሬ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። በቻድ የሚገኘው የቦዴሌ ዝቅተኛ ሥፍራ ከዓለም ታላላቅ የአቧራ ምንጮች አንዱ ነው፤ መሬቱም የጥንት ሰፊ ሐይቅ ወለል ስለሆነ በዲያቶም ቅርፊት የተሞላ ነው። ኤረንበርግን ያሳሳተው ዓይኑ አይደለም፤ ዝርዝሩ ነው። «በደቡብ አሜሪካ ይኖራል» ተብሎ የተጻፈው፣ ሰው ፈልጎ ያየው በዚያ ስለሆነ ነበር። ያልታየበት አገር ሁሉ እንደሌለበት አገር ተቆጠረ። መምህሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ የልጅቱ ረቂቅ ትዝ አላቸው። በእጇ ባሉት ዝርዝሮች ውስጥ ስሙ ስላልነበረ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ተባለ። ይኸው የኤረንበርግ ስሕተት ነበር፤ ልዩነቱ በቡላኦስ መደገሙ ብቻ ነው።

ስምም እንዲሁ ያታልላል። ስኬሌቶኔማ ኮስታተም የሚባል ሰንሰለታም የባሕር ዲያቶም አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ከየባሕሩ ሲመዘገብ ስለ ኖረ በዓለም ዙሪያ የሚኖር አንድ ዝርያ ነው ተብሎ ታመነ። እ.ኤ.አ. በ2005 በናፖሊ የባሕር ምርምር ጣቢያ ያሉ ሳይንቲስቶችና ባልደረቦቻቸው ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሰየመበትን የድሮ ናሙና አውጥተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንደገና መረመሩት። ከዚያም ከተለያዩ ባሕሮች የመጡትን ከእርሱ ጋር አስተያዩ፤ ዘረ መላቸውንም አነጻጸሩ። በአንድ ስም ሲጠሩ ከኖሩት መካከል አራት አዳዲስ ዝርያዎችን ለይተው በዚያው ዓመት ስም ሰጡ። አንድ የተባለው ብዙ ሆነ፤ የአንዱ ናቸው የተባሉት የዓለም ካርታ ነጥቦችም ለብዙዎች መከፋፈል ነበረባቸው። በድሮዎቹ ዝርዝሮች ላይ ያለው ስም ግን አሁንም እንዳለ ነው፤ ናሙናው ካልተቀመጠ የትኛው የየትኛው እንደ ነበር መለየት አይቻልም።

ጎሕ ሲቀድ መምህሩ ተነሥተው ነጩን ድንጋይ ከመደርደሪያው አወረዱ። በምላጭ ከጫፉ ትንሽ ፋቁ፤ ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው በስላይድ ላይ ጠብ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከወርዱ ቁመቱ የሚበልጥ በርሜል፣ በጎኑ የተሰለፉ ነጥቦች፣ በጫፉ እሾህ፤ አንዱ ከሌላው ተጭኖ ሜዳውን ሞልቶታል። አውላኮሴይራ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደብ የሐይቅ ዲያቶም ነው። የድሮው መጽሐፋቸው እርሱንም ሜሎሲራ ብሎ ከባሕሩ ዲያቶም ጋር በአንድ ወገን ሥር አስቀምጦት ነበር።

የነጩ ድንጋይ ታሪክ በጅቡቲና በኢትዮጵያ መካከል የተዘረጋው የአፋር ምድር ታሪክ ነው። ፍራንስዋዝ ጋስ የተባለች ፈረንሳዊት ተመራማሪ ጅቡቲ ነጻነቷን ሳታገኝ፣ አገሩ ገና የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት በሚባልበት ዘመን፣ በዚህ በረሃ እየዞረች የሐይቆቹን ደለል ሰበሰበች። እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበችው የምርምር ሥራ የማዕከላዊ አፋር ሐይቆችን ታሪክ በዲያቶሞች አማካይነት ተረከ። መንገዱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዝርያ የሚወደው ውሃ አለው፤ አንዱ ጨው አልባውን፣ ሌላው ጨዋማውን፣ አንዱ ጥልቁን፣ ሌላው የዳርቻውን ጭቃ ይመርጣል። ከደለሉ ንብርብር ውስጥ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተኛ የሚያነብ ሰው፣ ሐይቁ መቼ እንደ ሞላና መቼ እንደ ደረቀ ያውቃል። ዛሬ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘውና ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል የሚጨልለው፣ የጨው ሜዳ የሆነው የአሳል ሐይቅ፣ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ጥልቅና ጨው አልባ ሐይቅ ነበር። የአዋሽ ወንዝ መጨረሻ የሆነው የአቤ ሐይቅም ከዛሬው እጅግ ሰፍቶና ጠልቆ ያውቃል። ውሃው ሲሸሽ ዲያቶሞቹ በወለሉ ላይ ቀሩ፤ ተጠራቅመውም ነጭ፣ ቀላልና ምላስ የሚይዝ ድንጋይ ሆኑ። ጋስ እ.ኤ.አ. በ1986 የምሥራቅ አፍሪካን ዲያቶሞች ከነዝርያቸውና ከነመኖሪያቸው የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈች። በዲያቶም የተጻፈውን የዚህን አገር የውሃ ታሪክ የሚያጠና ሰው ያለ እርሷ ሥራ አይጀምርም።

እንግዲህ በሲየስታ ዳርቻ የተገኘው ሰንሰለት የባሕሩ ልጅ አልነበረም። በስንት መንገድ ሊመጣ እንደሚችል መምህሩ በወረቀት ላይ ጻፉ። ኻምሲን ከአፋር ሜዳ አንሥቶት ይሆናል። ጎርፍ ከየብስ ጠርጎት ይሆናል። ይኸው ነጭ አፈር ተፈጭቶ ለመዋኛ ገንዳና ለቢራ ማጣሪያ፣ ለቀለም መሥሪያም ስለሚያገለግል፣ ከሰው እጅ ወደ ፍሳሽ፣ ከፍሳሽ ወደ ባሕር ገብቶም ይሆናል። ባዶው ቅርፊት በየትኛው መንገድ እንደ ተጓዘ አይናገርም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አልኖረም።

ልጅቱ ስትመጣ ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ጠበቋት። አየች፤ ደጋግማ አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ ዝም አለች።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ። «ቸኮልሁ። ሳላስተያይ ተናገርሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ያመንሽው መምህርሽን ነው።»

«ጋሼ፣ ለማስረከብ አራት ቀን ነው የቀረኝ» አለች። ድምፅዋ ተቀይሯል። «የጽሑፌ ጥሩ ነገር እርሱ ብቻ ነው። ሌላው እኮ ማንም የሚያውቀው ነው። ደግሞስ ማን ያውቅብኛል? እዚህ አገር ይህን የሚመለከት ስንት ሰው አለ?»

«የሚያስፈራው እርሱ ነው፤ የሚያውቅ አለመኖሩ» አሉ። «የሚያውቅ ቢኖርማ ያርመው ነበር። የማያውቀው ግን ይገለብጠዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ የቀይ ባሕርን ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤን ዝርዝር ሲያዘጋጅ የአንቺን ስም ጠርቶ ጅቡቲ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ሌላው ከእርሱ ይወስዳል። ያን ነጥብ ተመልሶ የሚያነሣው ማን ነው?»

ልጅቱ አልመለሰችም። በዚህ መካከል እናቷ ሻይ ይዛ ገባች። የሁለቱን ፊት አይታ ምን እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ነገሩን ሲያስረዷትም አልተዋጠላትም።

«መምህር፣ እዚህ ከተገኘ እዚህ ነው አይባልም እንዴ? እኛስ ከዚያ ማዶ አይደል የመጣነው? ነፋስ ያመጣው ሁሉ ከተሰረዘ ከቡላኦስ ሰው ማን ሊቀር ነው?» አለች።

መምህሩ ሳቁ፤ ልጅቱም ሳትፈልግ ሳቀች። «እርስዎ እዚህ መጥተው እንጀራ ጋግረዋል፣ ልጅ ወልደው አሳድገዋል» አሏት። «እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። የመጣበትን አገር አንጠይቅም፤ እዚህ በልቶ፣ እዚህ ተራብቶ እንደሆነ ብቻ ነው የምንጠይቀው። ይህ ግን ሲደርስም ሬሳ ነበር።»

እናቲቱ ጥቂት አሰበችና «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉት ነገር ነዋ» አለች። ተረቱ በከንቱ ለሚደክም ሰው የሚነገር ነው፤ ላም ካልዋለችበት ሜዳ ኩበት አይጠበቅምና። የዚያ ቀን ነገር ግን ከተረቱ ይለያል። ኩበቱ ተገኝቷል፤ ላሚቱ ግን በዚያ ሜዳ አልዋለችም። እንዲህ ያለ ኩበት ያገኘ ሰው፣ ላሟን አየሁ ብሎ መማል የለበትም።

በአራቱ ቀናት ጽሑፉ እንደገና ተሠራ። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወጣ። በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፦ «ሕያው ወይስ ባዶ ቅርፊት»። ወገኑ ታውቆ ዝርያው ካልተለየ፣ ዝርያው አለመለየቱ በግልጽ ተጻፈ፤ ከአሥራ አራቱ ስሞች ዘጠኙ እንዲህ ሆኑ። አውላኮሴይራ በሠንጠረዡ መጨረሻ ለብቻው ገባ፤ በትይዩውም «31 ቁራጭ፣ ሁሉም ባዶ፣ ከየብስ የመጣ» ተባለ። ስላይዶቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በካርቶን ታሸጉ፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ «ተሳስታችኋል» ለማለት ቢፈልግ የሚያየው ነገር ይኖረዋል። ጽሑፉ ከበፊቱ አጠረ። ሲያነቡትም እንደ በፊቱ አያስደስትም ነበር። ልጅቱ ስታስረክብ ደስ አላላትም፤ መምህሩም ደስ ይበልሽ አላሏትም። ያገኘችው ውጤት መካከለኛ ነበር።

መምህሩ ከዚያ በኋላ በሥራቸው ላይ ሆነው መርከቦቹን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው። የኢትዮጵያን ጭነት አራግፎ ባዶውን የሚሄድ መርከብ እንዳይናወጥ በሆዱ የባሕር ውሃ ይሞላል፤ ያንን ውሃ በሌላ ወደብ ሲያፈስሰው ከውሃው ጋር የሚጓዙት ዲያቶሞችም ይፈስሳሉ። እነዚህ እንደ ነፋሱ እንግዳ ሬሳ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በሕይወት ደርሰው፣ ውሃው ከተስማማቸው በዚያ ሊራቡ ይችላሉ። ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። መጤውን ከነባሩ ለመለየት ግን አስቀድሞ ነባሩ በትክክል ተመዝግቦ መገኘት አለበት። በጅቡቲ ዳርቻ የሚጻፍ አንድ ስም ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ የተሳሳተ ምዝገባ ነገ መጤውን ነባር፣ ነባሩን መጤ ያደርጋል።

ልጅቱ ለሁለት ወር ያህል አልመጣችም። ኅዳር ተጋምሶ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ማለዳ መረቡን ይዛ በራፋቸው ላይ ቆመች። «በቀዝቃዛው ወቅት ምን እንዳለ አላየንም እኮ፤ ያየነው ነሐሴን ብቻ ነው» አለች። ያ ወቅት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ፣ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ የሚበልጠው ዌል ሻርክ የሚታይበት ነው። ዌል ሻርክ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ጥቃቅን የባሕር እንስሳትን ይበላል፤ ከእነዚያ እንስሳት ብዙዎቹ የሚበሉት ደግሞ ዲያቶሞችን ነው። እንደገና እስከ ወገባቸው ገቡ። እንደገና በሁለት ጠርሙስ ከፈሉ። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ አዮዲንም በረኪናም ያልነካው አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ አድርጋ ስታይ፣ ረጃጅም ፀጉር ያላቸው ሰንሰለቶች ወርቃማ ቡናማ ሥጋቸውን እንደ ያዙ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፉ ነበር። ወገናቸውን ለየች፤ ኪቶሴሮስ ነው። በዝርያው ቦታ ላይ ሰረዝ አደረገች። መምህሩ ከጎኗ ቆመው ነበር፤ ምንም አላሉም።

በሚቀጥለው ዓመት ኻምሲን ሲነሣ ልጅቱ ንጹሕ ውሃ የሞላበት ነጭ ሳህን ከጣሪያው ላይ አስቀመጠች። ነፋሱ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ነው። እናቷ ማታ ልብስ ልታነሣ ስትወጣ ሳህኑን በአቧራ ተሸፍኖ አገኘችው፤ ልታጥበውም አንሥታ ወደ ደረጃው ስትሄድ ልጅቱ ከታች ጮኸች።

«እማዬ፣ እንዳትደፊው! ገና አልቆጠርነውም።»